ከብት የሌለው ተራ

ሉብና ሀሺ የዋና ልብሷን በቦርሳ ይዛ፣ በብስክሌት ከነገሌ ወደ ሊበን ሜዳ መውረድ የጀመረች ሰሞን ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን «የመድኃኒት ቤቷን ልጅ አንድ ነገር ነክቷታል» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ምንም አልነካት፣ ባል አጥታ ነው» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላጡም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል የላትም። ለሳል ሽሮፕ የገባ ደንበኛ ሁሉ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «እውነት ነው። ዋና ነው፤ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር» ትላለች። ከዋናው ቀጥሎ ብስክሌት፣ ከብስክሌቱ ቀጥሎ ደግሞ ሩጫ እንዳለ ስትነግረው ሰውየው ሽሮፑን ረስቶ ይወጣል። ነገሩን ሐራም ነው ለማለት የቸኮሉ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ልብሱ ግን ከፀጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚሸፍን፣ እነሱ ራሳቸው ከለበሱት የበለጠ ጨዋ ሆኖ ስላገኙት ፍርዱን ለሌላ ቀን አሳደሩት።

ወንድሟ ፋዲል ደግሞ አለ። ከአባታቸው ከሀሺ የወረሰው የጨርቅ ሱቅ ከመድኃኒት ቤቷ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን ለቀልዱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

«አንቺ፣ አባባ ዕድሜ ልኩን ጨርቅ የሸጠው አንቺ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፈሽ እንድታድሪ ነው?»

«አንተ ደግሞ አንድ ቀን ብትዘፈዘፍ አይጎዳህም። ሽታህ ግድግዳ አልፎ ይመጣል።»

«እኔ መሬት ላይ ነኝ። እግር የተሰጠኝ ለዚህ ነው።»

ለሉብና ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ላይ በተካሄደው ውድድር የመጨረሻውን ተንሳፋፊ ምልክት አልፋ፣ ዳር የቆሙት ሰዎች የለበሱት ቀለም ሳይቀር እየታያት፣ በድንገት ከበታቿ ያለው ውኃ ታሰባት። ግድግዳ የለው፣ ወለል የለው። ክንዷ አልደከመም፤ ትንፋሿ ግን እምቢ አለ። የነፍስ አድኗን ጀልባ ጠርዝ ይዛ ስትንጠለጠል ሁለት ሰዎች በብብቷ ገብተው እንደ እርጥብ ጆንያ ጎትተው አወጧት። በውድድሩ ደንብ ጀልባ የነካ ይሰረዛል፤ ሁለት ጊዜ በጀልባ የወጣ ደግሞ ዳግመኛ አይመዘገብም። የመጪው ጥር ውድድር የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ያን ዕለት በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስታስብ የመጣችው ስለ ሜዳሊያው አልነበረም። ጀልባዋ ላይ የተንጠለጠለችውን ያችን ሴት አታውቃትም ነበር፤ እዚያው ውኃው ውስጥ ልትተዋትም አልፈለገችም።

ይህን ፍርሃት የሚያድን ኪኒን መደርደሪያዋ ላይ የለም። የሚያድነው ሰፊ ውኃ ነው፤ እስኪለመድ ድረስ ደጋግሞ መግባት። ነገሌ ብዙ ነገር ያላት ከተማ ናት፤ ሰፊ ውኃ ግን የላትም። ገናሌ ወንዝ አለ፤ እዚያ ለመዋኘት ግን አስቀድሞ ከአዞዎቹ ጋር መግባባት ያስፈልጋል፤ አዞ ደግሞ ለስብሰባ አይመችም። ሐይቁ ዳር ሄዳ እንዳትከርም፣ መድኃኒት ቤቱ ያለ እሷ አይከፈትም። የቀረው ከከተማው ወጣ ብሎ በዶዘር የተቆፈረው ትልቁ ሐሮ ነው። በዚያ ዓመት በልጉ ጥሩ ዘንቦ ስለ ነበር ሞልቶ፣ በአንዱ ጫፍ የቆመ ሰው በሌላው ጫፍ የቆመውን በመልኩ የማይለይበት ያህል ሰፍቶ ነበር።

ሐሮ ሲባል ግን እንዲሁ ኩሬ አይደለም። ዙሪያው በእሾህ የታጠረ፣ ጫማውን ያላወለቀ የማይገባበት፣ ከብት እንኳ እግሩን የማይነክርበት ውኃ ነው። ሰው ገብቶ ይቀዳል፤ ከብቱ ከአጥሩ ውጭ በጭቃ ከተሠራው ገንዳ ይጠጣል። የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚደለደልበት የተራ ሥርዓትም አለው፤ ሄሬጋ ይሉታል። ተራውን የሚያስከብሩት ሽማግሌ አባ ጋልጋሎ ናቸው። ሉብና ለፈቃድ ብስክሌቷን እየገፋች ስትመጣ ከባለ ተራዎቹ ጋር ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አካም ቡልታኒ።»

«ናጋ፣ ናጋ። ማን ናት?»

«ሉብና ነኝ። የሀሺ ልጅ፤ የጨርቅ ነጋዴው።»

አባ ጋልጋሎ በትራቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ኢንታላ ሀሺ፤ የሀሺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ተቀመጪ። ምን ፈለግሽ?»

«እዚህ ውኃ ውስጥ መዋኘት ፈልጌ ነበር፣ አባባ። ብትፈቅዱልኝ።»

«ለመሻገር?»

«አይ። እስከዚያኛው ዳር እሄድና እመለሳለሁ።»

«ምን ረስተሽ?»

«ምንም። ከዚያ እንደገና እሄዳለሁ።»

«ማን እያባረረሽ?»

«ማንም፣ አባባ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ልብስ ታጥብ እንደሆነ ጠየቃት፤ አላጥብም አለች። ሌላው ዓሣ ፈልጋ እንደሆነ ጠየቃት፤ ሐሮው ዓሣ እንደሌለው እሱም ያውቃል፤ ግን መጠየቁ ለጨዋነት ነው። ከኋላ የተቀመጠች ጠይም፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት፣ «ተዉአት፤ ሰው ከተማ ሲከርም እንዲህ ይሆናል» አለች። ጉያቱ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰባት ከብቶቿን ብቻዋን የምትጠብቅ።

አባ ጋልጋሎ እጃቸውን አነሱ።

«በዘጠና ሁለቱ ድርቅ ይህ ሐሮ ደርቆ ነበር። ጥጆቻችን እዚህ፣ እዚህ ግራር ሥር ተኝተው አይነሱም። አባትሽ ቦቴ መኪና ተከራይቶ ውኃ አመጣ። ማንም አልለመነውም። ዝናብ ሲጥል ጉባኤው 'ሀሺ በዚህ ውኃ ተራ አለው' አለ። እሱ ሳቀ። 'ከብት የለኝም፤ ጨርቅ ላጠጣ?' አለ።» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ተራ ግን ተራ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀኑ ሲደርስ 'ሀሺ!' ብለን እንጠራለን። የሚመልስ የለም። ቀጣዩ ይገባል።»

ሉብና ይህን አታውቅም ነበር። አባቷ ቤት ውስጥ ስለ ብዙ ነገር ያወራ ነበር፤ ስለ ጅቡቲ ጨርቅ፣ ስለ ሞያሌ ኬላ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም። ስለ ቦቴው ግን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ከሞተ እንኳ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው።

«አሁን ሀሺ ልጁን ልኳል» አሉ አባ ጋልጋሎ። «ተራው ያንቺ ነው። ምን እንደምታጠጪበት መጠየቅ የኛ ነገር አይደለም።»

«ከብቷ ስንት ነው ልንል ነው ታዲያ?» አለ ቦናያ የሚባለው ቀጭን ሰውዬ። በሐሮው ላይ ያለ ተራ ሁሉ ስንት ከብት እንደሚያጠጣ ይነገራል።

«አንድ» አሉ አባ ጋልጋሎ። «ራሷ።»

«ትጠጣለች?»

«በስህተት፣ ትንሽ ትንሽ» አለች ሉብና፤ ያን ጊዜ ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

እንግዲህ ሕጉ ተነገራት። በየአራተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ገብታ ረፋድ ላይ ትወጣለች። ሳሙና የለም፤ ገላዋን የተቀባችው ነገር ካለ ከአጥሩ ውጭ በጀሪካን ውኃ ታጥባ ትገባለች። በባዶ እግሯ። እሷ ውስጥ እያለች የሌላ ሰው ባልዲ አይገባም፤ ተራ ከተራ አይደባለቅም። እሷ ስትወጣ ቀጥሎ የጉያቱ መንጋ ነው፤ ከጉያቱ ቀጥሎ የቦናያ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳር ዳሩን ብቻ ትዋኝ ነበር። ውኃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ክንዷን ዘርግታ ጣቶቿን አታይም። በወገቧ በገመድ ያሰረችው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ከኋላዋ ይከተላታል፤ ብትፈራ ትይዘዋለች። ከሩቅ ያያት መንገደኛ አንዲት ሴት ውኃ ልትቀዳ ገብታ መውጫው እንደጠፋት ቢያስብ አይፈረድበትም። ጭንቅላቷን ቀና እያደረገች ማዶ ያለውን የደረቀ ዛፍ ታያለች፤ ሐይቅ ላይ መሥመር የሚቀባልህ ስለሌለ በዓይን የሚያዝ ነገር መልመድ የግድ ነው። ከዚያ ፊቷን ትነክራለች፤ ቡናማ ጨለማ። ትንፋሽ በግራ፣ ትንፋሽ በቀኝ። መሐል ላይ ስትደርስ ያ ነገር ይመጣል። ልቧ ይመታል። ትዞርና ወደ ዳር ትሸሻለች።

ጉያቱ ተራዋን ስትጠብቅ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ሉብና እንደ አገሬው «አዴ»፣ እናቴ፣ ትላታለች።

«ዛሬ ደረስሽ?»

«ደረስኩ፣ አዴ።»

«የት?»

«እዚሁ።»

«ጎበዝ። ነገም እዚሁ ትደርሻለሽ።» ከዚያ ሰባቱን ከብቶች በየስማቸው እየጠራች ወደ ገንዳው ታስጠጋለች። ዳለቲ የምትባለው አመድማዋ ላም ከሁሉ በላይ ቀናተኛ ናት፤ ቢጫውን ጀሪካን ገና ስላልለመደችው፣ ሉብና ከአጥሩ ስትወጣ በአፍንጫዋ እፍ እፍ ትልባታለች። «ጠላሽ እኮ» ትላለች ጉያቱ። «ካንቺ ጋር ተራ መጋራቷ አስቆጥቷት ነው። አንቺ አትታለቢ፣ አትታረጂ፤ ምን ታደርጊያለሽ ትላለች።»

ጳጉሜን አለፈ። መሐሉ እየቀረበ መጣ። አንድ የመስከረም ጧት ሉብና ማዶው ዳር ስትደርስ፣ መሐሉን መቼ እንዳለፈችው አላስታወሰችም። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ያን ቀን ፋዲልን ከሱቁ ጠርታ ስትነግረው መቀሱን እንደያዘ ትንሽ አያትና፣ «እንግዲያው ጥር ላይ ሱቁን ዘግቼ መጥቼ አይሻለሁ» አለ። ከፋዲል አፍ ይህ ትልቅ ቃል ነው።

ከዚያ ሐገያ ቀረ። ሐገያ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ነው፤ ደመናው መጣ፣ ነገሌ ላይ ትንሽ አቧራ አጠፋ፣ ሄደ። ኅዳር ሲገባ የሐሮው ጠርዝ ተሰነጣጥቆ ውኃው ወደ መሐል ተሰበሰበ። በታኅሣሥ ሉብና የምትዋኝበት ርዝመት ግማሽ ሆነ፤ ዳር ዳሩን ስታልፍ ጉልበቷ ጭቃውን ይነካዋል፣ ከኋላዋ ያለው ውኃ ይደፈርሳል። የማታውቃቸው መንጋዎች ከሩቅ መጡ። የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ከብቶች ከጧት ጀምረው አጥሩን ተጠግተው ይቆማሉ፤ ፊታቸው ወደ ውኃው ነው።

ማንም ምንም አላላትም። ስትመጣ «ናጋ» ይሏታል፤ ስትወጣ «ናጋ» ይሏታል። «ሀሺ!» ብለው ሲጠሩ «አቤት» ትላለች፤ መንገድ ይለቁላታል። እሷም ዝምታቸውን በምታውቀው ሂሳብ ፈታችው። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ደንበኛ ዋጋውን ሰምቶ ዝም ካለ ተስማምቷል፤ ያኔ መቀስህን አንሥተህ ትቆርጣለህ። ካልተስማማ ይጮኻል፣ ይራገማል፣ ወጥቶ ይመለሳል። ሀሺ ልጆቹን ያስተማረው እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች አልጮኹም። ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቷታል፤ ፍርሃቱም ገና መልቀቅ የጀመረ ሰሞን ነው። አንዳንዴ ማታ ልቧን አንድ ነገር ቢቆረቁራትም፣ «ደግሞም ውኃውን አልጠጣሁባቸውም» ትልና ትተኛለች።

አንድ ረፋድ ከአጥሩ ስትወጣ ጉያቱ «ደረስሽ?» አላለቻትም። ከገንዳው አጠገብ ዳለቲ በአንድ ጎኗ ተኝታለች። ዓይኗ ክፍት ነው። ጉያቱ አንገቷን ይዛ አጠገቧ ተንበርክካለች።

«ምን ሆነች፣ አዴ?»

«ምን ትሆናለች፤ ጠምቷት ነው። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ስትጓዝ ነው የመጣችው። ግጦሽ የቀረው ሩቅ ነው።»

«ታዲያ ውኃው እዚህ አይደል! ለምን አላጠጣሻትም?»

«ተራው ያንቺ ነበር።»

«እኔ እኮ አልጠጣሁትም። ውስጡ ነበርኩ እንጂ።»

«አንቺ ሳትወጪ ባልዲ አይገባም። ከወጣሽ በኋላም ጭቃው እስኪረጋ እንቆያለን፤ ለደከመ ከብት ድፍርስ አይሰጥም፤ ሆዱ አይችለውም።» የተናገረችው ያለ ቁጣ ነበር፤ የሰማይን ሁኔታ እንደምትናገር። ሉብናን የከበዳትም ይኸው ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን?»

«ተዪው ብላችሁ!»

ጉያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ሰው ተራህን ተው ይባላል? የሀሺን ተራ ማን ይነጥቃል? እንዲህ ያለ ነገር ከአፋችን ከወጣ ለእኛም ሐሮ የለንም። ዝም ያልነው አንቺ እስክትናገሪ ነው። ከውኃ በወጣሽ ቁጥር 'ዛሬ ትናገራለች' እላለሁ። አንቺ ፀጉርሽን ታደርቂያለሽ።»

ሉብና እጇ ላይ ያለውን ፎጣ አየችው። የምትጥልበት ቦታ አጣች።

«ሰጥቼሻለሁ» አለች። «አሁኑኑ ውሰጂው። ተራው ያንቺ ነው።»

«እንዲህ አይሰጥም። ነገ ጉባኤ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የተሰጠ ተራ ደግሞ ዝናብ ሳይጥል አይመለስም። ሂጂ ቤትሽ፣ ተኝተሽ አስቢው።»

ያን ማታ ለፋዲል ነገረችው። ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። ዕቃውን እያጣጠፈ ሰማትና፣ «ዝናቡ መጋቢት ነው፤ ውድድሩ ጥር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሐይቁ ዳር ሄደሽ ተለማመጂ። ዛሬውኑ ሂጂ።»

«መድኃኒት ቤቱስ? ዛሬ ብቻ ስንት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እንደመጣ ታውቃለህ? ሁሉም የኩሬ ውኃ እየጠጡ ነው።»

«እንግዲያው ዋኚ። ተራው በሕግ ያንቺ ነው፤ ሦስት ሳምንት ነው።» ያጠፈውን መደርደሪያው ላይ አኖረና፣ «'አባባ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር' ብለሽ ብቻ እንዳትጠይቂኝ» አለ። «አባባ መዋኘት አይችልም ነበር።»

በማግሥቱ ግራሩ ሥር ቆማ ተራዋን እንደምትሰጥ ስትናገር የተገረመ ሰው አልነበረም። አባ ጋልጋሎ፣ «ለማን?» አሉ።

«ለሁላችሁም።»

«ሁላችሁም የሚባል መንጋ እዚህ አናውቅም። ስም ጥሪ።»

ይህን አላሰበችበትም። መስጠት አንድ ቃል ብቻ መስሏት ነበር። ዙሪያዋን ስታይ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ እንዳያሳፍራት ነው፣ ዓይኑን እያየች ስሙን ሳትጠራ የምታልፈው ሰው እንዳይኖር። ቦናያ በእንጨት አሸዋ ይጭራል። በዚያ ሳምንት ሁለት በሬ እንደወደቀበት ሰምታለች። ልጆቹ ሽሮፕ ሲወስዱ ከእሷ ነው የሚወስዱት።

«ለአዴ ጉያቱ» አለች።

የቦናያ እንጨት ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ መጫር ጀመረ።

የሰጠ ሰው የመጀመሪያውን ውኃ ራሱ ይቀዳል። ሉብና ቀሚሷን ሰብስባ ከወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን ይዛ እስከ ጭኗ ገባች። ከኋላዋ ሰዎች ተሰልፈው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ፣ እያዜሙ። ጭቃው እንዳይነሳ አንድ ቦታ ሳትንቀሳቀስ መቆም ነበረባት። ስድስቱ የጉያቱ ከብቶች ጠጡ። ለዳለቲ ተኝታ እንዳለች በሣህን ተሰጣት፤ ማታ ላይ አራት ሰው በእንጨት አንሥቶ አቆማት።

ጥር ላይ ሉብና ሐይቁ ዳር ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ ውስጥ አልዋኘችም፤ ሌሊት ሌሊት አልጋዋ ላይ በደረቷ ተኝታ ክንዷን ከማወናጨፍ በቀር። ፋዲል ቃሉን ጠብቆ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ዳር ቆሟል። ግማሹን መንገድ በጥሩ ሁኔታ ሄደች፤ ከፊት ያሉትን እየተከተለች፣ ማዶ ያለውን ኮረብታ በዓይኗ ይዛ። ከዚያ ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ ኮረብታውን ይደብቅባት ጀመር። የመጨረሻውን ምልክት ስታልፍ ያ ነገር መጣ። አልጮኸችም። በጀርባዋ ተንሳፍፋ ትንፋሿን ጠበቀች። ጀልባዋ ስትጠጋ «ቆዩ፣ ቆዩ» አለቻቸው፤ ቆዩላት። እንደገና ተገልብጣ ጥቂት ሄደች። ደግሞ ቆመች። ጀልባዋ ደግማ ስትጠጋ እጇ ሳታዘው ተነሥቶ ጠርዟን ያዘ።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት ከጀልባዋ ሰዎች አንዱ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ እየጣለ። «ደርሰሽ ነበር እኮ።»

ፋዲል ዳር ላይ ቦርሳዋን ተቀበላት። ሲመለሱ ዲላ ላይ ብርቱካን ልጦ ሰጣት።

ወደ ሐሮው የሄደችው ለጉያቱ ልትነግራት ብቻ ነበር። ባለ ተራዎቹ ግን ተቀምጠው ነበርና አባ ጋልጋሎ ጠሯት። ውኃው አሁን ከአንድ ግቢ አይበልጥም። ዳለቲ የጎን አጥንቷ ወጥቶ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ትታያለች።

«ተራ ያለው ሰው ርቆ ሲመለስ ከብቱ እንዴት እንደሆነ ይናገራል» አሉ። «ከብትሽ እንዴት ናት፣ ኢንታላ ሀሺ?»

አንድ ቀልድ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አልወጣም።

«ወደቀች፣ አባባ» አለች። «አልተነሣችም።»

ማንም አልሳቀም። አባ ጋልጋሎ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና እጇን ያዙ። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላው። በዚያ ወር ይህ ሰልፍ ያልደረሰበት ቤት የለም፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው እጅ የሚይዙት እንዲህ ነው። ሉብና ሐይቁ ላይ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

ሁሉም ሲቀመጥ ቦናያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት ነበረቻት፤ እሷም ወደቀች። ባዶ እጇን ናት» አለ። «ቡሳ ጎኖፋ ይገባታል።»

ከብቱ ላለቀበት ሰው፣ ከብት ያለው ሁሉ ጥቂት እየሰጠ እንደገና የሚያቋቁምበት ደንብ ነው። አንዱ፣ «እሷ እኮ ከጎሳችን አይደለችም» አለ። ቦናያ ወደ እሱ ዞሮ፣ «ይህን ያህል ዘመን ሀሺ ብለን ስንጠራ ጎሳውን ጠይቀን ነበር?» አለው። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ሰጥቶ የሚተርፈው ሰው አልነበረም።

«ዳለቲ ሆዷ ባዶ አይደለም» አለች ጉያቱ ከኋላ። «ጥጃው የሷ ይሁን።»

«አዴ፣ ኧረ ተይ» አለች ሉብና። «እኔ ጥጃ የት አደርገዋለሁ? መድኃኒት ቤት ውስጥ?»

«መጀመሪያ ይወለድ። እናቱ እስከ ዝናብ ከቆመች።»

በማግሥቱ መድኃኒት ቤቱ ሳይከፈት በፊት ሉብና ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ ገባች። ዳለቲ ሌሊት ወድቃለች። ቦናያና ሁለት ሰዎች እንጨቱን ከሆዷ በታች እያሾለኩ ነው፤ ጉያቱ ቀንዷን ይዛለች።

«እኔ የት ልያዝ?»

«ከጅራቷ። ከሥሩ፣ ጠበቅ አድርገሽ። እኛ ስንል ወደ ላይ።»

ተባብረው አነሡ። ላሟ አቃሰተች፤ የኋላ እግሮቿ ተነሡ፣ ተጣጠፉ፣ ደግመው ተነሡ። የፊቶቹ ቀስ ብለው ተዘረጉ። እንጨቱን የያዙት ሰዎች ቀስ በቀስ አላሉት። ዳለቲ ቆመች፤ መንቀጥቀጧ በሉብና እጅ ውስጥ ይሰማል።

«ልልቀቅ?»

«ቆዪ» አለች ጉያቱ፣ ፊቷን ከላሟ ፊት ሳታነሣ። «ቆዪ። ገና ናት።»